«ሆዱን አሞታል»፦ የሕፃናት የሆድ ሕመም እንዴት ይለያል፣ እንዴትስ ይታከማል?

ከልደታ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ተነስቶ ወደ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል በእግሩ የሚሄድ ሰው መንገዱን ሳይጨርስ ብዙ የሕክምና በር ያልፋል። መድኃኒት ቤት አለ፣ «ላቦራቶሪና አልትራሳውንድ» የሚል ሰሌዳ የሰቀለ የግል ክሊኒክ አለ፣ የመንግሥት ጤና ጣቢያ አለ፤ ባልቻ ሆስፒታልም ሩቅ አይደለም። ልጇን ሆዱን ያመመባት እናት ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የምትገባው ወረፋ የሌለበት በር ጋ ነው። ከዚያም ወይ የሜትሮኒዳዞል ሽሮፕ፣ ወይ «ታይፎይድና ታይፈስ» የሚል የላቦራቶሪ ወረቀት ይዛ ትወጣለች። ልጁን አስተኝቶ ያየው፣ እሷንም አስቀምጦ የጠየቃት ሰው ግን ላይኖር ይችላል።

የሕፃናት የሆድ ሕመም ከሁሉ በፊት የሚለየው በጥያቄና በዓይን ነው። ላቦራቶሪ፣ አልትራሳውንድ፣ ኢንዶስኮፒ የሚያስፈልጋቸው ልጆች አሉ፤ የትኛው ልጅ የትኛውን እንደሚፈልግ የሚታወቀው ግን ልጁ በደንብ ከታየና እናቱ በደንብ ከተጠየቀች በኋላ ነው። ወላጅ የሚጠየቀውን አስቀድሞ ካወቀ ሕክምናው በግማሽ ይቀላል።

መናገር ያልጀመረ ልጅ ቢያለቅስም፣ ቢያስመልስም፣ ካካው ቢለወጥም ቤት ውስጥ የሚባለው አንድ ነው፤ «ሆዱን አሞታል»። ስለዚህ ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት በሚታዩበት ክፍል የተቀመጠችው ሲስተር መጀመሪያ ዕድሜውን ትጠይቃለች። ዕድሜ ብቻውን ብዙ ነገር ይለያል። ከጠባ በኋላ በአፉ ጥግ ወተት የሚያፈስ፣ ክብደቱ ግን የሚጨምር ጨቅላ እያቀረሸ ነው እንጂ እያስመለሰ አይደለም፤ አብዛኞቹ ዓመት ሳይሞላቸው ይተዉታል። ከተወለደ ከሁለት እስከ ስምንት ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ፣ በጠባ ቁጥር ወተቱን በኃይል አርቆ የሚተፋ፣ እንዳስመለሰም እንደገና ልጥባ የሚል ሕፃን ግን የጨጓራው መውጫ ጡንቻ ወፍሮ መንገዱን ሳይዘጋበት አይቀርም። እሱ በሽሮፕ አይድንም። ሐኪም አይቶ በአልትራሳውንድ ካረጋገጠ በኋላ አጭር ቀዶ ሕክምና ያድነዋል።

ቀጥሎ ቀለም ይመጣል። እናቶች የልጅ ካካ አረንጓዴ ሲሆን «ብርድ መታው» ብለው ይደነግጣሉ፤ ልጁ የሚጠባና የሚጫወት ከሆነ ግን አረንጓዴ ካካ ብቻውን ምንም አይደለም። ትውከቱ አረንጓዴ የሆነ ጨቅላ ግን እስኪነጋ መጠበቅ የለበትም። ሐሞት የተቀላቀለበት ትውከት አንጀት አንድ ቦታ ላይ መታጠፉን ወይም መዘጋቱን ሊያመለክት ይችላል፤ አንጀት ደግሞ ደም ከተቋረጠበት በሰዓታት ውስጥ ይሞታል። እንዲሁም ተወልዶ 48 ሰዓት እስኪሞላው የመጀመሪያውን ጥቁር ካካ ያልወጣ ሕፃን መታየት አለበት፤ የታችኛው አንጀቱ ነርቭ የጎደለው ሊሆን ይችላል።

አሁን ወደ ዋናው ልግባ። ጤና ጣቢያ ከሚመጣው የሆድ ሕመም ብዙው ተቅማጥ ነው፤ ሕፃን የሚገድለውም እሱ ነው። ተቅማጥ የሚባለው ልጁ ከለመደው ውጭ በቀን ሦስት ጊዜና ከዚያ በላይ ቀጭን ካካ ሲወጣ ነው። «ከለመደው ውጭ» የሚለው ሊዘለል አይገባም። ጡት ብቻ የሚጠባ ሕፃን በቀን ስድስትና ሰባት ጊዜ ቢጫ፣ ላላ ያለ ካካ ሊወጣ ይችላል፤ ሌላው ደግሞ ብዙ ቀን ሳይወጣ ይቆይና ለስላሳ ይወጣል። ሁለቱም ጤነኞች ናቸው።

ብዙ ወላጅ ተቅማጥ ሲያይ የሚፈራው ተሕዋሱን ነው፤ ስለዚህም ተሕዋሱን የሚገድል መድኃኒት ይፈልጋል። ልጁን የሚገድለው ግን በአብዛኛው የሚወጣው ውሃና ጨው ነው። የሕፃናት ውሃማ ተቅማጥ ብዙ ጊዜ በቫይረስ የሚመጣ በመሆኑ ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት ምንም አይጠቅመውም። ስለዚህ የምርመራው የመጀመሪያ ጥያቄ «ምን ተሕዋስ ነው?» የሚል አይደለም፤ «ምን ያህል ፈሳሽ አጥቷል?» ነው። መልሱን ለማግኘት ማሽን አያስፈልግም።

ሲስተሯ እንዴት እንደምታደርገው እንይ። ልጁን በጀርባው ታስተኛውና በእምብርቱና በጎኑ መካከል ያለውን የሆድ ቆዳ በአውራ ጣቷና በሌባ ጣቷ ቆንጠጥ አድርጋ ወደ ላይ ታነሳለች፤ አንድ ሰከንድ ያህል ይዛ ትለቀዋለች። የደህና ልጅ ቆዳ ወዲያው ይመለሳል። ፈሳሽ ያነሰው ልጅ ቆዳ ግን ተኮማትሮ ቆይቶ ቀስ ብሎ ይወርዳል፤ ከሁለት ሰከንድ በላይ ከቆየ ነገሩ ከባድ ነው። ከዚያ ዓይኑን ታያለች፤ «ዓይኑ እንደወትሮው ነው ወይስ ገብቷል?» ብላ እናቱንም ትጠይቃለች፤ ከእናት በላይ የልጁን ፊት የሚያውቅ የለምና። በመጨረሻ በኩባያ ውሃ ትሰጠዋለች። ኩባያውን አልለቅም ብሎ በጥድፊያ የሚጠጣ ልጅ ተጠምቷል። መጠጣት ያቃተው፣ ደክሞ የተዝለፈለፈ፣ ሲጠሩት የማይነቃ ልጅ ግን በአፍ የሚጠብቅበት ጊዜ አልፏል፤ በደም ሥር ፈሳሽ ይፈልጋል፣ አሁኑኑ።

በጨቅላ ሕፃን ላይ እርግብግቢቱ መሰርጎዱም የዚያው የፈሳሽ ማነስ ምልክት ነው። ቅቤ መለጠፉ የቆየ ልማድ ነው፤ የወረደውን እርግብግቢት የሚመልሰው ግን ወደ ሰውነቱ የሚገባው ፈሳሽ ብቻ ነው። በጣም የከሳ ልጅ ላይ ደግሞ የቆዳው ምልክት ያሳስታል፤ ከቆዳው ሥር ስብ ስለሌለው ፈሳሽ ሳያጣም ቆዳው ቀስ ብሎ ይመለሳል። ለዚህ ነው ባለሙያዋ የክንዱን ዙሪያ በባለቀለም ሜትር የምትለካው። ከስድስት ወር እስከ አምስት ዓመት ያለ ልጅ ክንዱ ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በታች ከሆነ ከባድ የምግብ እጥረት አለበት፤ የሚሰጠው ፈሳሽም አሰጣጡም የተለየ ነው።

የተቀሩትን ልጆች የሚያድናቸው በጥቂት ብር የሚገዛው ኦአርኤስ ነው፤ ሕይወት አድን ንጥረ ነገር የምንለው። ብዙ ሰው «ውሃና ጨው ምን ሊያደርግ?» ብሎ ይንቀዋል፤ አሠራሩን ስላላወቀ ነው። በአንጀት ግድግዳ ላይ ስኳርና ጨው ተያይዘው ብቻ የሚገቡበት በር አለ። ሁለቱ ሲገቡ ውሃው ተከትሏቸው ይገባል። ተቅማጡ ቢበረታም ይህ በር በአብዛኛው አይዘጋም። እ.ኤ.አ. በ1971 ከምሥራቅ ፓኪስታን ጦርነት የሸሹ ሰዎች በሰፈሩበት በሕንድ ድንበር ኮሌራ ሲገባ፣ በደም ሥር የሚሰጠው ፈሳሽ አልቆ ነበር። ዶክተር ዲሊፕ ማሃላናቢስ ጨውና ግሉኮስ እያስመጠኑ በበርሜል በጥብጠው ለበሽተኞቹ በአፍ እንዲሰጥ አደረጉ፤ የሚያስታምሙትም ቤተሰቦቻቸው ነበሩ። ከመቶ 30 ገደማ ይሞት የነበረው ሕዝብ ከመቶ 4 በታች ወረደ። በአንድ እናት እጅ ያለ ማንኪያ ይህን ያህል ይሠራል።

ነገር ግን አበጣጠሩ ከተበላሸ ጥቅሙ ይቀራል። እዚህ አገር የምናገኘው እሽግ በአብዛኛው ለአንድ ሊትር የተመጠነ ነው፤ በጀርባው ያለውን ማንበብ አይከፋም። አንድ ሊትር ማለት የአንድ ሊትሩ ሃይላንድ ሙሉ ነው፣ የግማሽ ሊትሩ ሁለት ነው። (ሃይላንዱ በፊት በረኪና የተያዘበት እንዳይሆን፤ በየቤቱ የምናየው ነገር ስለሆነ ነው የምለው።) ዱቄቱን ከፍሎ በብርጭቆ መበጥበጥ ልጁን ከመጠን በላይ ጨው ማጠጣት ነው። ስኳር አይጨመርበትም፣ በለስላሳ አይበጠበጥም። ስፕራይትና ሚሪንዳ ለሚያስመልሰው ልጅ የሚሰጡም አሉ፤ የለስላሳው ብዙ ስኳር ውሃውን ከሰውነት ወደ አንጀት ይስበውና ተቅማጡን ያባብሰዋል። የተበጠበጠው 24 ሰዓት ካለፈው ይደፋል።

አሰጣጡም ትዕግሥት ይፈልጋል። ከሁለት ዓመት በታች ላለው ቀጭን በወጣ ቁጥር ከ50 እስከ 100 ሚሊ ሊትር፣ ከዚያ በላይ ላለው ከ100 እስከ 200 ሚሊ ሊትር ይሰጣል፤ ጡቱም አይቋረጥም። ብዙ እናቶች ተስፋ የሚቆርጡት ልጁ ሲያስመልስ ነው፤ «አልተቀበለውም» ይላሉ። አሥር ደቂቃ ጠብቆ እንደገና መጀመር ነው፤ በየሁለት ወይም በየሦስት ደቂቃው አንድ ማንኪያ። የፈሳሽ ማነስ ምልክት የታየበት ልጅ በጤና ጣቢያው ኦአርኤስ በሚሰጥበት ኦአርቲ ኮርነር ይቀመጥና በአራት ሰዓት ውስጥ በኪሎው 75 ሚሊ ሊትር ይጠጣል፤ አሥር ኪሎ የሚመዝን ልጅ 750 ሚሊ ሊትር ማለት ነው። አራት ሰዓቱ ሲሞላ እንደገና ይታያል። ገብቶ የነበረ ዓይን ሲመለስ፣ ልጁም ሽንቱን ሲሸና ማየት ለወላጅ ትልቅ እፎይታ ነው።

ከኦአርኤሱ ጋር የዚንክ ኪኒን ይሰጣል፤ ስድስት ወር ለሞላው በቀን 20 ሚሊ ግራም፣ ላልሞላው ግማሹ፣ ለአሥር ቀን። ተቅማጡ በሦስተኛው ቀን ቢቆምም አሥሩ ቀን ይሞላል፤ ዚንክ የተጎዳውን አንጀት ይጠግናል፣ በሚቀጥሉት ወራት ተመልሶ እንዳይመጣም ይረዳል። ተቅማጥ የሚያቆም ኪኒን ግን ለሕፃን አይሰጥም፤ አንጀቱን ያስረዋል እንጂ በሽታውን አያድነውም።

«ጥርስ ሊያበቅል ነው» የሚለውን አባባል ሳልነካ ማለፍ አልችልም። ጥርስ የሚወጣው ከስድስት ወር ገደማ ጀምሮ ነው። ያ ጊዜ ልጁ መዳህ፣ ያገኘውን ሁሉ ወደ አፉ መክተትና ምግብ የሚጀምርበትም ጊዜ ነው፤ ከእናቱ ያገኘው መከላከያም ያኔ ይቀንሳል። ተቅማጡ ከጥርሱ ጋር ይገጣጠማል እንጂ ጥርሱ አያመጣውም። ከዚህ ተነስቶ ድዱን ማስበጣትና «ግግ» ማስወጣት ሕፃኑን ለደም መፍሰስና ለመመረዝ ያጋልጠዋል፣ በኋላ የሚመጣውንም ጥርስ ያበላሻል። ለተቅማጥ እንጥል ማስቆረጥም እንዲሁ ነው። ጸበል የሚያጠጡ ወላጆች ከጸበሉ ጎን ኦአርኤሱን ይስጡ፤ ሁለቱ አይጣሉም።

ካካው ደም ከተቀላቀለበት ታሪኩ ይለወጣል። ያኔ ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት ያስፈልጋል፣ ሐኪም የሚያዝዘው። ግን አንድ ነገር በጥብቅ መታየት አለበት። ከአምስት እስከ ዘጠኝ ወር ያለ፣ እስከ ትናንት ደህና የነበረ፣ ወፍራም ልጅ ድንገት እየጮኸ እግሩን ወደ ሆዱ ይሰበስባል፤ ከደቂቃዎች በኋላ ዝም ይላል፣ ያንቀላፋል፤ ከሩብ ሰዓት በኋላ እንደገና ይጮኻል። ያስመልሳል። ከሰዓታት በኋላ ደምና ንፋጭ ይወጣዋል። ይህ «አሜባ» ተብሎ ሽሮፕ ሲሰጠው ቀናት የሚያልፉበት ሕመም ነው። የሹራብ እጅጌ ወደ ውስጥ እንደሚገለበጥ አንዱ የአንጀት ክፍል ወደ ሌላው ገብቷል። የተቅማጥ ደም ከብዙ ቀጭን ካካና ከትኩሳት ጋር ይመጣል፤ የዚህኛው ምልክት ደግሞ እየመጣ የሚሄደው ጩኸት ነው። አልትራሳውንድ በደቂቃዎች ይለየዋል። ቶሎ ከተደረሰበት በአየር ወይም በፈሳሽ ግፊት ያለ ቢላ ሊመለስ ይችላል፤ ከዘገየ የሞተውን አንጀት ቆርጦ ማውጣት ይመጣል። እንዲህ ያለ ልጅ ይዛችሁ ከሆነ በየክሊኒኩ አትዙሩ፤ የሕፃናት ቀዶ ሕክምና ወዳለበት እንደ ጥቁር አንበሳ ወዳለ ሆስፒታል በቀጥታ እንዲላክ ጠይቁ።

አሁን መጀመሪያ ላይ ወዳነሳሁት የላቦራቶሪ ወረቀት ልመለስ። በአዲስ አበባ «ታይፎይድና ታይፈስ» እንደ አንድ በሽታ ስም ተያይዞ ይጠራል። ታይፎይድ በተበከለ ምግብና ውሃ ይመጣል፤ ወረርሽኝ የሚያስነሳው ታይፈስ በቅማል ይተላለፋል። አንድ ላይ የሚወጡት ልጁ ሁለቱንም ስለያዘ አይደለም፤ የሚታዘዙት አብረው ስለሆነ ነው። ዊዳል የሚባለው የታይፎይድ የደም ምርመራ ተሕዋሱን አያይም፤ ሰውነት ያመረተውን መከላከያ ነው የሚያየው። ድሮ የያዘውም ልጅ፣ ሌላ ትኩሳት ያለበትም ልጅ «ፖዘቲቭ» ሊወጣ ይችላል። ቀናት የቆየ ትኩሳት የሌለው ልጅ በዚህ ወረቀት ብቻ የታይፎይድ መድኃኒት መዋጥ የለበትም። እርግጠኛው ደም ወስዶ ተሕዋሱን ማሳደግ ነው።

የሰገራ ምርመራም ወሰን አለው። በማይክሮስኮፕ የታየው የአሜባ ሲስት ጎጂው ይሁን ምንም የማያደርገው ዘመዱ በዓይን አይለይም፤ ቀይ የደም ሕዋስ የዋጠ፣ የሚንቀሳቀስ አሜባ ከታየ ነው የሚያስተማምነው። የሚንቀሳቀሰው ደግሞ ትኩስ ናሙና ይፈልጋል፤ ጠዋት ከቤት በዕቃ ተይዞ ረፋድ ላይ የሚደርስ ናሙና ላይ ሞቶ ይገኛል። ስለዚህ ለናሙና እዚያው ግቢ ውስጥ መውጣቱ ይሻላል። ምርመራው በእውነት የሚጠቅመው ተቅማጡ 14 ቀን ሲሞላው፣ ሆዱ ሲነፋ፣ ልጁም ሲከሳ ነው፤ ጃርዲያ እንዲህ አድርጋ ትመጣለች። «የጨጓራ ባክቴሪያ» ተብሎ በደም ምርመራ ብቻ ለልጅ የሚሰጠውንም ጥምር መድኃኒት ወላጅ ይጠይቅበት። ያ ምርመራ አሁን ያለውንና ድሮ የነበረውን አይለይም።

ከበሽታው በኋላ ያለው ምግብ ከመድኃኒቱ አያንስም። ያገገመ ልጅ ለሁለት ሳምንት በቀን አንድ ተጨማሪ ጊዜ መብላት አለበት፤ በዘይት ወይም በቅቤ የታሸ ገንፎ፣ እንቁላል፣ ወተት። በጾም ወቅት ድስቱ እንዳይነካ ተብሎ የልጁ እንቁላልና ወተት አብሮ ሲቀር አያለሁ። ቤተ ክርስቲያን ጾምን ከሰባት ዓመት በታች ላለ ልጅ አላዘዘችም፤ ለልጁ አንዲት ለብቻው የሆነች ድስት መለየት ይበቃል።

ውሃው በፈረቃ በሚመጣበት ሠፈር፣ ኮንዶሚኒየም ፎቅ ላይ በጀሪካን የሚጠራቀም ውሃ ከቧንቧው ንጹሕ ሆኖ ወጥቶ ቤት ውስጥ ይበከላል፤ ኩባያ ሲነከርበት፣ እጅ ሲገባበት። ለሕፃኑ የሚሆነውን ማፍላት ወይም እንደ ውሃ አጋር ባለ ማከሚያ በጠርሙሱ ላይ በተጻፈው መጠን ማከም ይቻላል። በ2008 ዓ.ም. ክረምት አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት (አተት) አዲስ አበባ ሲገባ ይህንን ሁላችንም ሰምተነዋል፤ ክረምቱ ሲወጣ እንረሳዋለን። በጥቅምትና ኅዳር ብርድ የሚበረታው የሮታ ቫይረስ ግን የውሃ ጥንቃቄ ብቻ አይመልሰውም። ጥቁር አንበሳ ይህን ቫይረስ በሕፃናት ላይ ሲከታተሉ ከቆዩት ሆስፒታሎች አንዱ ነው። ክትባቱ ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ በመደበኛው ክትባት ውስጥ አለ፤ በስድስተኛውና በአሥረኛው ሳምንት በአፍ ይሰጣል።

ትምህርት ቤት የገቡት ልጆች ሕመም ሌላ ነው። ጠዋት ጠዋት እምብርቱን እያሳየ «ሆዴን» የሚል፣ ቅዳሜ የሚሻለው፣ ክብደቱ ያልቀነሰ፣ ሌሊት የማያስነሳው ልጅ አብዛኛውን ጊዜ ክፉ በሽታ የለበትም። ሕመሙ ውሸት ነው ማለት ግን አይደለም። ሌሊት የሚቀሰቅሰው፣ ከእምብርቱ ርቆ ወደ ጎን የሚያሳይ፣ የሚከሳ፣ ቁመቱ የቆመ፣ ደም የሚወጣው ከሆነ ግን በደንብ ይመርመር። የቀረው ትልቁ ምክንያት የሆድ ድርቀት ነው። የትምህርት ቤቱ ሽንት ቤት ቆሻሻ ወይም በር የሌለው ስለሆነ ልጁ ሙሉ ቀን ይይዘዋል፤ የተያዘው ይደርቃል፤ የደረቀው ሲወጣ ያመዋል፤ ስላመመው እንደገና ይይዘዋል። ቆይቶ በደረቁ ዙሪያ ቀጭን እያፈተለከ የውስጥ ሱሪውን ሲያቆሽሽ ተቅማጥ ይመስላል፣ ልጁም ይገረፋል። መቆጣጠር አቅቶት ነው፤ አይገረፍ።

ሕክምናው በሐኪም ትዕዛዝ የተጠራቀመውን ማስወጣት፣ ከዚያ እንደ ላክቱሎስ ያለ ማለስለሻ በየቀኑ መስጠት ነው። ከምግብ በኋላ እግሩ የሚደገፍበት ነገር አድርጎ አምስት ወይም አሥር ደቂቃ ሽንት ቤት መቀመጥን ማስለመድ፣ ነጭ ዳቦና ብስኩቱን ቀንሶ ሽሮ፣ ጎመን፣ ብርቱካንና ብዙ ውሃ መጨመር ያስፈልጋል። የክፍል መምህሩን አነጋግሮ ልጁ በፈለገ ሰዓት እንዲወጣ ማስፈቀድ ግማሹን ሥራ ይሠራል። ማለስለሻው ልጁ በተስተካከለ ማግስት አይቋረጥም። የተለጠጠው አንጀት ወደ ልኩ እስኪመለስ ወራት ይፈጃል፤ መጠኑም የሚቀነሰው ቀስ በቀስ ነው።